የሰው ፈቃድ፣ የራስ ላብ፦ ከደምበጫ የተነሳ ጥያቄና 33 መልሶቹ

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ጥያቄውን የከፈተው የደምበጫ ልጅ ነው። ፎርማን ነው። 11 ዓመት ሳይት ላይ ቆይቷል። ፌሮ (የአርማታ ብረት) ከማሰር እስከ ሶሌታ (የወለል አርማታ) መሙላት ያልነካው ሥራ የለም። ጎበዝ ግንበኛ የት እንዳለ ያውቃል፣ አሸዋ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፣ የትኛው ድንጋይ አቅራቢ ቢያጆ (የመኪና ጭነት) እንደሚያጎድል ሳይቀር ያውቃል። የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈቃድ።

አንድ ወረዳ ባለ 4 ክፍል የመማሪያ ሕንፃ ሊያሠራ ጨረታ አውጥቷል። የተጠየቀው ደረጃ 7 እና ከዚያ በላይ ነው። ባሕር ዳር ያለ አንድ ሥራ ተቋራጭ ደግሞ እሺ ብሎታል። ግሬዱን (የፈቃድ ደረጃውን) ያውሰዋል፣ ውክልና ይፈርምለታል፣ ከእያንዳንዱ ክፍያ ከመቶ 5 ይቆርጣል። ልጁ የጠየቀው ይህ ይቻላል ወይ ብሎ አይደለም። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ያውቃል። የጠየቀው ገንዘቤ እንዳይበላ ምን ዓይነት የጎን ውል ላጽፍ ብሎ ነው።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተሰለፈው የመልስ ሰንሰለት፣ 3 ቀን ሙሉ ሳይበርድ ቆየ። እኔ መጀመሪያ ዳር ሆኜ ነበር የማነበው። 17ኛው ላይ ግን አላስችል አለኝና ገባሁ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ የመለሱት አንድ የደብረ ማርቆስ አዛውንት ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉለት። ወጣት ተነስቶ ሥራ ልያዝ ማለቱ ደስ እንዳሰኛቸው ነገሩት፣ መረቁት፣ ከውሉ በፊት ግን ሰውዬውን ከሚያውቁት 2 እና 3 ሰዎች ስለ ጠባዩ እንዲጠይቅ መከሩት። ስለ ሕጉ አንድም ቃል የላቸውም። 2ኛው ከቡሬ ነው፤ እሱ ራሱ በሰው ፈቃድ የጤና ኬላ አጥር ሠርቶ ምንም እንዳልገጠመው፣ 2 ምስክር ያለበት ወረቀት ከተያዘ በቂ እንደሆነ አስረዳ። 3ኛው የሥራውን ዋጋ ጠየቀ። ልጁ ራሱ 4ኛ ሆኖ ተመለሰና ወደ 6 ሚሊዮን ብር እንደሚሆን ተናገረ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነው። ሠርግ ቤት ይመስላል።

5ኛዋ የሞጣ ልጅ ናት፣ ባሕር ዳር የምትሠራ ሲቪል መሐንዲስ። ነገሩን ከሥሩ ያነሳችው እሷ ነች። እንደ እሷ አባባል ደረጃ ማለት እንዲሁ ወረቀት አይደለም። ተቋራጩ ይህን ያህል ባለሙያ ቀጥሬአለሁ፣ ይህን ያህል መሣሪያ አለኝ ብሎ አስመርምሮ የሚያገኘው ነው። የለመድነው አሰጣጥ ከ1 እስከ 10 ይሄዳል፤ 1 ትልቁ፣ 10 ትንሹ። ሕንፃ የሚሠራው ቢሲ፣ መንገድ የሚሠራው አርሲ፣ ጠቅላላው ጂሲ ይባላል። ቅደም ተከተልም አለው። መጀመሪያ ከኮንስትራክሽን ዘርፉ መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይወጣል። ከዚያ ንግድ ፈቃዱ ይከተላል። ሰው ንግድ ፈቃዱን አድሶ ብቃቱን ይረሳል፤ ወይም ብቃቱን አድሶ ንግድ ፈቃዱን። ሁለቱ ግን የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፤ የሚታደሱትም በተለያየ ቢሮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገች። ግሬድ ለማውጣት ሲባል የሌላ ሰው የመኪና ሊብሬ ተውሶ የሚያቀርብ፣ ጭራሽ ሳይቱን ያላየ መሐንዲስ ስሙንና ዲግሪውን አከራይቶ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሮ የሚታይ እንዳለ ጠቀሰች። እንግዲህ አስቡት። ፈቃዱ ራሱ በተውሶ ሊብሬና በተውሶ መሐንዲስ የቆመ ነው። ልጁ ደግሞ ያንን ፈቃድ ሊዋስ ነው። የተውሶ ተውሶ።

6ኛው የፍኖተ ሰላም ተቋራጭ ነው። እሱ ሲገባ ሠርግ ቤቱ ተበተነ። ጽሑፉ በቃለ አጋኖ የታጨቀ ነው። መሐንዲሷን ቢሮ ውስጥ ሻይ እየጠጣች ሕግ የምታስተምር አደረጋት። አንድ አርማታ አስሞልታ እንደማታውቅም ጻፈ፤ ይህን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ስድቡን ካራገፍንለት ግን ነጥብ ነበረው። ከደምበጫ የተነሳ ፎርማን ሲኖትራክና ሎደር ከየት ያመጣል? ባንክ ያለ መያዣ አያበድርም። ሥራ ሳይሠራ ልምድ አይኖረውም፣ ልምድ ሳይኖረው ደረጃ አያገኝም፣ ደረጃ ሳይኖረው ሥራ አያገኝም። ስለዚህ በሰው ግሬድ መጀመር የሁላችንም መንገድ ነው አለ። እኔ ይህን ሳነብ ራሴን ነቀነቅሁ። ልክ ነው ለማለት ሳይሆን፣ እውነት ስለሆነ።

7ኛው ሳቀ ብቻ።

8ኛው ጠበቃ ነው። ከእንጅባራ ነው የሚጽፈው። ቀዝቀዝ ያለ ሰው ነው፤ ማንንም አልነካም። የልጁን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው የመጀመሪያው ሰው እሱ ይመስለኛል። ንግድ ፈቃድ ለሌላ ሰው የሚከራይ ወይም የሚተላለፍ ዕቃ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1716 ሕገወጥ ነገር ለማድረግ የሚገባ ውል እንደማይጸና ይናገራል። እንግዲህ የጎን ውሉ ምንም ያህል አምሮ ቢጻፍ፣ 2 ምስክር ሳይሆን 20 ምስክር ቢፈርምበት፣ ፍርድ ቤት ይዞት ሲሄድ ክሱ የሚነሳው በራሱ ላይ ነው። እንዲያውም በገዛ እጁ ጽፎ የፈረመው ማስረጃ ይሆንበታል።

ከዚያ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚያልፍ አሳየው። መሥሪያ ቤቱ ውል የሚፈርመው ከፈቃዱ ባለቤት ጋር ነው። ክፍያ የሚገባው በፈቃዱ ባለቤት የባንክ ሂሳብ ነው። ልጁ እጅ ላይ ያለው ውክልና ብቻ ነው። ውክልና ደግሞ ሰጪው በፈለገ ቀን ይሽረዋል። ሶሌታው ተሞልቶ ሦስተኛው ክፍያ የገባ ዕለት ውክልናው ቢሻር፣ ልጁ የሚከስበት ወረቀት አይኖረውም። ቡሬ ያለው 2ኛው መልስ ሰጪ እዚህ ጋ ተመልሶ ገባና፣ እሱ ምንም ያልገጠመው ሰውዬው አማቱ ስለሆነ መሆኑን አመነ። ይህንን መጀመሪያ ቢነግረን ምን ነበረበት!

ከ9ኛው ጀምሮ ክሩ ወደ ሒሳብ ገባ። ይህን የወደድኩት ክፍል ነው። 9ኛው ግዥ ክፍል የሠራ ሰው ይመስላል። 6 ሚሊዮኑን በልጁ ፊት ዘረጋው። የውል ማስከበሪያ 10 በመቶ ነው፤ 600,000 ብር። ቅድሚያ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ይሰጣል፤ 1,800,000 ብር። ግን በባዶ እጅ አይሰጥም፤ የዚያኑ ያህል ዋስትና ይጠየቃል። ከየክፍያው 5 በመቶ መያዣ ይቀራል፤ ሲጠራቀም 300,000 ብር ይሆናል። የመጨረሻው የሚለቀቀው ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላ የጉድለት ማረሚያ ጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ 1 ዓመት፣ ሲያልቅ ነው። ሥራው ከዘገየ ደግሞ በቀን 1 በመቶ ይቀጣል አለ።

10ኛው ወዲያው አረመው። በቀን 1 በመቶ ሳይሆን ከ1,000 1 ነው፤ 0.1 በመቶ። በልጁ ሥራ በቀን 6,000 ብር መሆኑ ነው። ጣሪያው 10 በመቶ ስለሆነ በ100 ቀን 600,000 ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ግን መሥሪያ ቤቱ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። 9ኛው ይቅርታ ጠየቀ፣ አመሰገነ። በዚህ ክር ውስጥ ይቅርታ የጠየቀ ብቸኛው ሰው እሱ ነው።

ከዚያ 11ኛው ስለ ቫት አነሳ። 15 በመቶ ከ6 ሚሊዮን 900,000 ብር ነው ብሎ ጻፈ። 12ኛው ዋጋው ቫትን ጨምሮ ከሆነ እንዲያ እንደማይሰላ አስረዳ፤ 6 ሚሊዮኑ ለ115 ተካፍሎ በ15 ሲባዛ ወደ 782,600 ብር ነው የሚመጣው። 13ኛው በዚህ አጋጣሚ የሲሚንቶ ዋጋ አነሳና ተነፈሰ። 14ኛው ስለ ፌሮ ተነፈሰ። ስለ ሲሚንቶ ማማረር ከተጀመረ መቼም አያልቅም፤ ደግነቱ 15ኛው መጣ።

15ኛው ከዚህ በፊት ጽፎ አያውቅም። ፈቃድ ያከራየ ሰው ነው። ማለትም ከወዲያኛው ወገን። የሰጠው ለሚያውቀው፣ ለሚያምነው ሰው ነበር። ከመቶ የተወሰነች ድርሻውን ተቀብሎ ቤቱ ተቀመጠ። ዓመቱ ሲያልቅ ግብር ቢሮ ጠራው። በእሱ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር የገባው ገንዘብ ሁሉ የእሱ ገቢ ተብሎ ተመዝግቧል። ወጪውን የሚያሳይ ደረሰኝ የለውም፤ አሸዋውም ድንጋዩም የተገዛው ያለ ደረሰኝ ነው። የተሰበሰበው ቫትም በወቅቱ አልገባም። ቅጣትና ወለድ ተጨምሮ የመጣበት ዕዳ ከድርሻው ብዙ እጥፍ ሆነ። ሠሪው ስልኩን ዘጋ። በዚህ ላይ ሥራው ተቋርጦ ስለነበር ከመንግሥት ጨረታ ታገደ። የታገደው ሠሪው አይደለም፣ እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲጽፍ አንዴም አልተማረረም፤ ያ ነው ይበልጥ ያሳዘነኝ። ልጁን የመከረው ያንን የባሕር ዳሩን ሰው እንዲያዝንለት ነው። አላወቀም እንጂ እሱም እየተበላ ነው ሲል ደመደመ።

የፍኖተ ሰላሙ ሰውዬ ግን 16ኛ ሆኖ ተመልሶ ሰደበው። ደረሰኝ ያልያዘ ነጋዴ ማልቀስ አይገባውም አለ። ይኸው ሰው ከሰዓታት በፊት ሁላችንም እንዲህ ነው የጀመርነው ሲል ነበር። እዚህ ላይ ነው የገባሁት።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የሱቅ ቤት አሠራሁ። ምድር ቤት ብቻ፤ በኋላ ፎቅ ይጨመርበታል በሚል ተስፋ። ውሉን የፈረምኩት ደረጃ ካለው ተቋራጭ ጋር ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፣ ማኅተሙ ያምራል። ሥራውን የሠራው ግን ሌላ ሰው ነው። የፈረመውን ተቋራጭ ሳይቱ ላይ አንድ ቀን አላየሁትም። ጥቁር አፈር ምን እንደሆነ የማርቆስ ሰው አይነገረውም፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይህ አፈር ተቆፍሮ መውጣትና በገረጋንቲ (በማያብጥ የመሙያ አፈር) መተካት ነበረበት። ሠሪው የላይ የላዩን ጠራርጎ መሠረቱን ጣለው። ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተሰነጠቀ። ወደ ፈረመው ሰው ሄድኩ። እኔ አልሠራሁትም አለኝ። ወደ ሠራው ሰው ደወልኩ። እኔ አልፈረምኩም አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው! ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለሆነ ማንንም አልጠቅስም።

18ኛው ርኅራኄ አላሳየኝም። ለምን መጀመሪያ አላጣራህም፣ ለምን አማካሪ መሐንዲስ አልቀጠርክም ብሎ አፋጠጠኝ። ትክክል ነው። ርካሽ ስለሆነ ነው የመረጥኩት። ሌሎቹ ዋጋ ሰጪዎች ገረጋንቲውን ጨምረው ነበር ያሰሉት፤ ለዚህ ነው የተወደዱት። ይህን የተረዳሁት ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

19ኛዋ የቢቸና ሴት ናት፤ ለእሷም ውሉ ላይ የ1 ዓመት ዋስትና ብቻ ስለተጻፈ ከዚያ በኋላ ምንም ማድረግ እንደማትችል ተቋራጩ እንደነገራት ጻፈች። እንጅባራ ያለው ጠበቃ 20ኛ ሆኖ ተመለሰ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ደኅንነትና ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ሕንፃው በአሠራሩ ጉድለት ብቻ ሳይሆን በአፈሩ ጠባይ ምክንያት ቢጎዳም ኃላፊ ነው። ጊዜውን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ደግሞ ዋጋ የለውም። 1952 ላይ የወጣ ሕግ ነው። የቢቸናዋ እህት የተነገራት የ1 ዓመት ነገር የጉድለት ማረሚያው ጊዜ እንጂ የዋስትናው ማብቂያ አይደለም።

ይህን ስታነቡ ልብ በሉ፤ ሕጉ አፈሩን ሳይቀር አስቦበታል። ያኔ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የማርቆስን ጥቁር አፈር ያዩት ይመስል።

21ኛው ታዲያ ለ10 ዓመት ዋስ የሚሆነው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ፈራሚው ወይስ ሠሪው? ጠበቃው ባጭሩ መለሰ፦ አሠሪው የሚያውቀው ፈራሚውን ነው። ያ የባሕር ዳር ሰው ለዚያች ከመቶ 5 ሲል የሚፈርመው ለዛሬ ብቻ አይደለም፤ ሳይቱን ሳያይ፣ አፈሩን ሳይረግጥ ለ10 ዓመት ነው። 15ኛው ሰውዬ ይህን አንብቦ ምን እንደተሰማው አላውቅም። አልጻፈም።

22ኛው መልስ ክሩን ጸጥ አሰኘው። ቀን ሠራተኛ የነበረ የሉማሜ ልጅ ነው። አብሮት የሚሠራ ጓደኛው ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወደቀ። እንጨቱ ያረጀ ነበር፤ የታሰረው በሚስማር ሳይሆን በገመድ ነው። የወደቀው ልጅ ከእንግዲህ ቆሞ አይሠራም። ፈቃዱ የእሱ የሆነው ሰው ይህን ልጅ አላውቀውም አለ። ሠሪው ደግሞ እኔ ውክልና ያለኝ እንጂ አሠሪ አይደለሁም አለ። የደመወዝ ሉህ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ጡረታ አልተከፈለም። የሰበሰቡለት የሳይቱ ልጆችና እድሩ ናቸው። መሐንዲሷ በ2011 የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ጠቀሰች። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሙሉ ለሙሉ ከሥራ ውጭ ለሚያደርግ ቋሚ ጉዳት ካሳው የ5 ዓመት ደመወዝ ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታም አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። አሠሪው ማን እንደሆነ ሲጠፋ ግን ይህ ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ለዚህ መልስ ማንም ቃለ አጋኖ አልተጠቀመም። የፍኖተ ሰላሙ ሰውዬም።

ከዚህ በኋላ ትንሽ መተንፈስ ያስፈልግ ነበር መሰለኝ፣ ክሩ ወደ ጨዋታ ሄደ። 23ኛው ገጠር ላይ በጅጌ (በደቦ) የጭቃ ቤት ለሚሠራ ገበሬም ግሬድ ይጠየቃል ወይ ብሎ ቀለደ። ጠላና ቆሎ የሚያቀርበው ዋና ተቋራጭ፣ ጭቃ የሚረግጡት ንዑስ ተቋራጭ ተባሉ። 24ኛው ሰባራ ድልድይን አነሳ። ሞጣ አካባቢ ዓባይን የሚሻገረው በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ድልድይ በማን ግሬድ ተሠራ ብሎ ጠየቀ። 25ኛው ጥስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም በኖራ ተገንብቶ እስከ ዛሬ መቆሙን፣ የእሱ ቤት አጥር ግን 3 ክረምት አለመቆየቱን ጻፈ። 26ኛው ደግሞ የባሕር ዳሩን አዲሱን ባለ 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ፎቶ ለጠፈ። ጥሩ ፎቶ ነው፤ ከነገሩ ጋር ግን አይገናኝም።

የጅጌውን ቀልድ መሐንዲሷ በቁም ነገር ወሰደችው፤ 27ኛ ናት። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከመጀመሪያው የታሰበው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነበር። የገበሬው ጭቃ ቤት ውስጥ አልገባም። ከከተማ ውጭ ቢሆንም እንኳ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ግን ይመለከተው ነበር። ሕንፃዎቹን በ3 ምድብ ነበር የከፈላቸው። 28ኛው ይህን ይዞ፣ የልጁ የመማሪያ ክፍል ምድር ቤት ብቻ ስለሆነ ዝቅተኛው ምድብ ሀ ውስጥ ነው፣ ቀላል ነው አለ። እሷ ተመልሳ ገታችው። በዚያ አዋጅ ምድብ ሀ ማለት በ2 ዓምዶች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ሕንፃ ወይም ከ2 ወለል በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ነበር። ሕዝብ የሚገለገልበት ወይም የተቋም ሕንፃ ግን ቁመቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ሕንፃ እኩል ምድብ ሐ ነበር። 4 የመማሪያ ክፍል፣ ምድብ ሐ! እኔም አላውቅም ነበር። ሲታሰብ ግን ልክ ነው። ውስጡ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው።

29ኛው ነገሩን ወደ ካላንደር መለሰው። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከጥር 1 ጀምሮ ቅጣት አለው። ሰው መኸሩን፣ ክፍያውን፣ የልጅ ትምህርት ቤቱን ሲል ታኅሣሥ ያልፍበታል። እሱ ራሱ በዋጋ አንደኛ ወጥቶ ሳለ ያልታደሰ ፈቃድ አቅርቦ ከጨረታ ወድቋል። ለጨረታው በባንክ ማዘዣ (በሲፒኦ) ያስያዘው ገንዘብ ተመለሰለት፤ ሥራውን ግን ሁለተኛ የወጣው ወሰደው። ይህን ሲጽፍ አሁንም እንደሚያንገበግበው ያስታውቃል።

30ኛው ጠበቃው ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ። ልጁ የጠየቀውን ሳይሆን መጠየቅ የነበረበትን መለሰለት። 3 መንገድ አለ አለው። አንደኛው፣ ከባሕር ዳሩ ሰው ጋር በግልጽ ተቀጥሮ የሳይት ኃላፊ ሆኖ መሥራት፤ ደመወዝ በሉህ፣ ጡረታ በስም፣ ከሥራው በኋላ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። ሁለተኛው፣ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ፈቅዶ የሥራውን የተወሰነ ክፍል በንዑስ ተቋራጭነት መውሰድ። ለዚህ ግን የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚዘገየው፣ በዝቅተኛው ደረጃ በራሱ ስም መጀመር ነው። በዚህ ዓመት የወጣው ጨረታ ያመልጠዋል። አዎ፣ ያመልጠዋል። ጠበቃው ይህን አላለባበሰውም፤ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው። ብዙ መካሪ ትክክለኛው መንገድ ዋጋ እንደሚያስከፍል አይነግርህም።

31ኛው ልጁ ነው። ከ2 ቀን ዝምታ በኋላ ተመለሰ። ባሕር ዳር ላለው ሰውዬ ደውሎ እንደነበር፣ ተቀጥሮ ልሥራልህ ሲለው ሰውዬው እንደሳቀበት፣ ስልኩንም እንደዘጋበት ጻፈ። ጨረታውን ትቶታል። ከ2 ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዝቅተኛው ደረጃ ብቃት ማረጋገጫ ለማውጣት ወረቀት መሰብሰብ ጀምሯል። አንዱ ጓደኛው በቅርቡ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቋል፤ ስለዚህ መሐንዲሱ የተውሶ አይደለም። እስከዚያ ግን እጅ መታጠፍ የለበትምና የአንድ ግለሰብ አጥርና ሰርቪስ ቤት ይዟል። ደህና ሚክሰር የሚያከራይ ሰው ያውቅ እንደሆነ የክሩን ሰው ሁሉ ጠየቀ።

32ኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የፍኖተ ሰላሙ ተቋራጭ። ሚክሰር አለው። ለልጁ በቅናሽ ሊሰጠው ፈቃደኛ እንደሆነ፣ ነዳጁን ብቻ ራሱ እንዲችል ጻፈ። ቃለ አጋኖ የለም። ስድብ የለም።

33ኛው የልጁ አንዲት መስመር ናት። አመሰገነና፣ ለኪራዩ ደረሰኝ ይቆርጥ እንደሆነ ጠየቀው።

እስካሁን አልመለሰም። እየጠበቅን ነው።